ክብሪቱ እና የልጄ ሒሳብ

እኔ ቤት ክብሪት አይገኝም። ምድጃዬ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ሻማ ማብራት የፈለገ እንግዳ የራሱን ክብሪት ከኪሱ ያወጣል፣ ሲሄድም ይዞት ይሄዳል። ጎረቤቶቼ ይህን እልህ ይሉታል። ተሳስተዋል አልልም። እልህ ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ሰፈር፣ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው መንደር፣ ክብሪት ለእሳት ብቻ አልነበረም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ክብሪት ይጫርና ጭሱን እንዲያሸት ወደ አፍንጫው ይቀርባል። ማን እንደጀመረው አላውቅም። እናቴ ታደርገው ነበር፤ የእናቴም እናት ሳታደርገው አልቀረችም። ክርስቲያኑም እስላሙም ያደርገዋል። ታክሲ ተራ ላይ አንድ ሰው ቢወድቅ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ከየአቅጣጫው ኪሳቸውን ሲዳብሱ ታያላችሁ። ክፋት የለበትም። ሰው ሲጨንቀው የሚያውቀውን ያደርጋል።

ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀችው ሰባተኛ ክፍል ሳለች ነው። አንድ ልጄ ናት፣ ዘግይታ የመጣች። አባቷ ቀደም ብሎ ስላረፈ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ ያን ጊዜ ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበርኩ። ዕለቱ እሑድ በመሆኑ ቤት ነበርኩ። ግቢያችን ብዙ አባወራ በአንድ የውሃ ቧንቧ የሚጠቀምበት ግቢ ነው። መጀመሪያ ጀሪካን ሲወድቅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ሌላ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ስወጣ ልጄ ከቧንቧው ሥር ጭቃው ላይ ነበረች። ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ተገልብጧል።

"ክብሪት! ክብሪት አምጡ!" ግቢው በአንድ ድምፅ ጮኸ።

ሁሉም ወደየቤቱ ሮጠ። አንዷ ይዛው የመጣችው ባዶ ቀፎ ነበር። የሌላዋ ርሶ አልጫር አለ። በመጨረሻ ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ከማድ ቤቷ አግኝታ እየሮጠች መጣች። የመጀመሪያው እንጨት እጇ ላይ ተሰበረ። ሁለተኛው በራ፤ እፍ ብላ አጠፋችውና ጭሱን ወደ ልጄ አፍንጫ አቀረበችው። ልጄ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ሰውነቷም ላላ።

"አያችሁ!" አለች ጎረቤቴ።

አየን። እኔም አየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤቴ የክብሪት ቀፎ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መያዝ ጀመረች። ለቅሶ ስትሄድ፣ ገበያ ስትወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትስም ቀፎው አብሯት ነው። ልጄ አጠገቧ ኖረችም አልኖረችም አይለያትም። የሴቶች እድራችን ሰብሳቢ ናት። ድምፅዋ ትልቅ ነው፣ እጇም ለጋስ። ልጄን "የኔ እናት" እያለች ነው የምትጠራት። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ኋላ በመካከላችን የሆነውን ስታነቡ ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ ነው።

ምክር የሚሰጠኝ ሰው በዛ። "ራሷን ስታ ነው በዪ።" "ደም ማነስ ነው በዪ።" "የልጅቷ ዕድል ይዘጋል፣ ስሙን አትጥሪ።" እኔ በተፈጥሮዬ ወሬ የማላበዛ ሰው ነኝ። ግን ዝም ማለት ሌላ፣ መደበቅ ሌላ። ሁለተኛ ደረጃ ሳስመዘግባት "የሚጥል በሽታ አለባት" አልኩ። መዝጋቢዋ ዙሪያዋን አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ በማድረግ "እሺ፣ ገባኝ" ስትለኝ፣ እኔ ድምፄን ሳልቀንስ ደገምኩላት። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፣ ኪኒን ጀመረች። ጸበልም ወስጃታለሁ፤ ኪኒኗን ግን አንድም ቀን አላስቋረጥኳትም። መውደቋ ቀነሰ እንጂ አልቀረም።

ሒሳብ ትወድ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብታም ያጠናችው ሒሳብ ነው። ከዚያ ካዛንቺስ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ መምህርት ሆነች፤ እኔ ጡረታ በወጣሁበት ሰፈር እሷ ሥራ ጀመረች። ከሥራ በኋላ ማስተርሷን ትማራለች። ለመመረቂያ ጽሑፏ አማካሪዋ የሰጧት ርእስ ስለ መኪና መጨናነቅ ነበር፤ ከሜክሲኮ እስከ ኦሎምፒያ ያለውን ሰልፍ በሒሳብ መግለጽ። እምቢ ብላ መጣች።

"ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው?" አልኳት።

"የሚጥለኝን ነገር።"

"እሱ የሐኪም ሥራ አይደለም?"

"ሐኪም ያክመዋል። እኔ ሒሳቡን ነው የምፈልገው። ማለቴ፣ እንዴት እንደሚጀምርና እንዴት እንደሚያበቃ በስሌት አስመስሎ መሥራት። ሞዴል የሚባለው እሱ ነው። በቃ፣ ትንሽ የሒሳብ አንጎል እሠራና፣ እኔን እንደሚጥለኝ እሱን እጥለዋለሁ።"

ይህን ስትል እየሳቀች አልነበረም።

ለሥራው የሚሆን የአንጎል ቅጂ ያስፈልጋት ነበር። ሐኪም ቤት ጭንቅላት ላይ ሽቦ እየለጠፉ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚቀርጹበት ምርመራ አለ። ሹሩባዋን ፈታሁላት፤ ባለሙያው በሚያጣብቅ ቅባት ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አስቀመጠ። በምርመራው መካከል ያዛት። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው "ተቀረጸ?" የሚል ነው።

"ተቀርጿል" አላት ባለሙያው።

"ዕድለኛ ነኝ" አለች።

ባለሙያው ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሽቦዎቹ አየሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጥ እየሠራሁ ሳለ ጠራችኝ። "እማዬ፣ ነይማ እዪ።" ላፕቶፑ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው የጻፋቸው የሚመስሉ።

"ይቺ እኔ ነኝ" አለች። "እዚህ ጋ ነቅቻለሁ። ምሳ ምን ልብላ እያልኩ ይመስለኛል። እዚህ ጋ ደግሞ..." ጣቷን ወደ ቀኝ ወሰደች። መስመሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ትልልቅ ጥርስ አወጡ። "እዚህ ጋ የለሁም።"

"ይህን አውቀዋለሁ" አልኳት። "ትልቅ ነገር የተሰማ ቀን ማዞሪያው ላይ እንዲህ ነበር። መስመሩ ሁሉ ይበራል፣ ሁሉም በአንዴ ያወራል። ሁከት ነው።"

"አይደለም እማዬ። ያን ቀን ሁሉም የየራሱን ነበር የሚያወራው። ጤነኛ አንጎል ማለት እንደዛ ነው፤ ሁሉም የየራሱን ወሬ ይዟል፣ ከሩቅ ሲሰማ ጉርምርምታ ነው። ይሄን ግን እዪው፤ ሁሉም አንድ ቃል ነው የሚሉት። እኩል ይጮሃሉ፣ እኩል ዝም ይላሉ። ይሄ ሁከት አይደለም፣ ስምምነት ነው። ከልክ ያለፈ ስምምነት። አንድም እምቢ የሚል የለም።"

ወጡ እንዳያርብኝ ተመለስኩ። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ በቤታችን ስለዚያ የሒሳብ አንጎል እንደ አንድ ዘመድ ይወራ ጀመር። መጀመሪያ አልወድቅ ብሎ አስቸገራት። ከዚያ ወደቀና አልነሣ አለ። ከሥራ ስትመለስ "ዛሬስ ተነሣ?" እላታለሁ፣ "አልተነሣም" ትለኛለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች። ይህ ለሳምንታት ቀጠለ። የማይነሣው አንጎል የቁጥር ክምር መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም "አልተነሣም" ስትለኝ መስማት አልወድም ነበር።

አንድ ቀን በሩን ሳትዘጋ ገብታ "ተነሣ!" አለች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ባዶውን የእንቁላል ካርቶን ከማድ ቤት መደርደሪያ አወረደች። አንድ ሎሚ አነሣች።

"አንጎል ውስጥ ሁለት ዓይነት ሴሎች አሉ በዪ። አንዱ ተነሡ፣ ተነሡ ይላል። ሌላው ረጋ በሉ ይላል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ሎሚዋ ይቺ ጉድጓድ ውስጥ ናት።" ሎሚዋን አስቀምጣ ካርቶኑን በሁለት እጇ ያዘች። "እንቅልፍ ማጣት፣ ትኩሳት፣ ኪኒን መርሳት፣ ካርቶኑን ቀስ በቀስ ያዘነብሉታል።" አዘነበለችው። ሎሚዋ ትንሽ ታገሠችና በድንገት ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ተንከባለለች። "ወደቅኩ።"

"መመለሻውስ?"

"እሱ ነው የጠፋብኝ የነበረው። እዚህኛው ጉድጓድ ውስጥ ሎሚዋ አርፋ አትቀመጥም፣ ትንቀጠቀጣለች። መንቀጥቀጡ ራሱ ሴሎቹን ያደክማል። ድካሙን ረስቼው ነበር፣ አሁን አስገባሁት። ድካሙ ካርቶኑን ቀስ እያለ መልሶ ወደዚህ ያዘነብለዋል።" ወደ ሌላው ጎን አዘነበለችው፤ ሎሚዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። "ማንም አልነካትም።"

"ካርቶኑን ያዘነበልሽው አንቺ ነሽ" አልኳት።

ሳቀች። "ለዛ ነው ሒሳብ የሚያስፈልገው። ሒሳቡ ውስጥ የማንም እጅ የለም።"

ያን ጊዜ ጠየቅኳት። ለመቃወም አልነበረም፣ ከልቤ ነው። "ክብሪቱስ የት አለ?"

ሎሚዋን ይዛ ቆመች። "ላስገባው?"

"ከቻልሽ አስገቢው።"

አስገባችው። ላፕቶፑን ከፍታ፣ ካርቶኑን ከጎን መታ እንደማድረግ ያለ ትንሽ ግፊት ሒሳቡ ላይ ጨምራ፣ አንዴ መጀመሪያው ላይ፣ አንዴ መካከሉ ላይ፣ አንዴ ወደ መጨረሻው ሞከረችው። መጀመሪያው ላይ ምንም አልሆነም። መካከሉም ላይ ምንም። ወደ መጨረሻው ሲሆን ሎሚዋ ወዲያው ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ግፊቱ ባይኖርም መመለሷ አይቀርም ነበር።

"እማዬ፣ ክብሪት የሚመጣው መቼ ነው?" አለችኝ።

"ሲገኝ።"

"አዎ፣ ሲገኝ። አንዱ ቀፎ ባዶ ነው፣ አንዱ ርሷል፣ አንዱ እንጨት ይሰበራል። ተፈልጎ ተገኝቶ እስኪጫር ድረስ ሎሚዋ ወደ ቤቷ መንገድ ጀምራለች። ክብሪት ሁልጊዜ የሚደርሰው ነገሩ ሊያልቅ ሲል ነው። ለዛ ነው ሁልጊዜ የሠራ የሚመስለው።"

ቧንቧው ሥር የነበረው ጭቃ ትዝ አለኝ። "ለሰው ሁሉ እንዲህ ነው?" አልኳት።

"እሱን አላውቅም። ይሄ ሞዴል ነው፣ ያውም የኔን ቅጂ ይዞ የተሠራ። አንዳንዱን ሰው ገና ሲጀምረው ሽታ ይረዳዋል የሚሉ አሉ። እኔን ግን አልረዳኝም።" ከዚያ ላፕቶፑን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች። "አንድ ነገር ልለምንሽ። ሌላ ጊዜ ስወድቅ አንቺ ካለሽ ማንም እንዳይጭር። ይጠብቁ። በዓይናቸው ይዩት።"

እሺ አልኳት።

በዚያው ሰሞን ክፍል ውስጥ ወደቀች። ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ነበር። ተማሪዎቹ ጮኹ፣ ገሚሱ ወደ በሩ ሸሸ፣ ጥበቃው ክብሪት ይዞ ሮጠ። በማግሥቱ ወላጆች ትምህርት ቤቱን ከበቡት። ዳይሬክተሩ ጨዋ ሰው ነው። ከክፍል አውጥቶ ቤተ መጻሕፍት ሊያስቀምጣት አሰበ።

"እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ" አለችው። "መጽሐፍ መደርደር የሚችል ሰው ሞልቷል።"

እንግዲያው ዳግመኛ አትወድቅም የሚል ወረቀት ከሐኪም አምጪ አላት። እንዲህ ያለ ወረቀት የሚጽፍ ሐኪም የለም። ይህን ሲያውቅ እኔ ዘንድ ደወለ።

"እማማ፣ እርስዎ ቢመክሯት ትሰማለች።"

"ምን ብዬ ልምከራት?"

"ለራሷ አስበን ነው። ወላጆች ፈርተዋል። ቤተ መጻሕፍት ብትሆን ታርፋለች።"

"ሒሳቡን ተሳስታ ታውቃለች?"

"ኧረ በፍጹም! ጎበዝ መምህርት ናት እኮ።"

"እንግዲያው የምመክራት ነገር የለኝም።"

ዝም አለ። ስልክ ላይ ዝም የሚሉ ሰዎችን ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቻለሁ፤ መስመሩን የሚዘጋበት ምክንያት እየፈለገ ነበር። "የፊታችን ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ አለ" አለኝ በመጨረሻ። "ክፍሏ ውስጥ ትቆይ ወይስ ትነሣ የሚለው እዚያ ይወሰናል። ቢገኙ ደስ ይለናል።"

"እገኛለሁ" አልኩት።

ከቅዳሜው በፊት ባለው እሑድ የእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በእድሩ ቤት እንሰበሰባለን። ልጄ ወንበር ልትደረድርልን አብራኝ መጣች። ሰሞኑን እንቅልፍ አልነበራትም፣ አውቄዋለሁ። ጎረቤቴ እንደ ልማዷ ከፊት ቆማ ስለ ድንኳኑ መቀደድ ትናገራለች። ልጄ ወንበር እንደያዘች ቆመች፤ ፊቷ ባዶ ሆነ፣ ወደቀች።

ወንበሮቹን ገፋሁ። ነጠላዬን ጠቅልዬ ከራሷ ሥር አደረግኩ፣ በጎኗ አስተኛኋት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ።

"ክብሪት!" አለ ቤቱ። ሁሉም በአንድ አፍ፣ "ክብሪት! ክብሪት!" እኩል ይጮሃሉ።

ጎረቤቴ መጮህ አላስፈለጋትም። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ፣ ቀፎውን ከፍታ፣ እንጨቱን ይዛ አጠገቤ ተንበርክካለች። እጇን ያዝኩት።

"ተዪ" አልኳት።

"ምን?"

"ተዪ አልኩሽ። አይጫርም።"

"አብደሻል እንዴ? ልጅቷ እየሞተች ነው!"

"አትሞትም። ጠብቂ።"

"ምን ልጠብቅ? አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ አይደለችም?"

"ልጄ ስለሆነች ነው ጠብቂ የምልሽ።"

ከኋላ አንዷ "እናት ሆና እንዴት አስቻላት?" አለች። ሌላዋ "ትምህርት ያስተማረችው ልጅ አሳበደቻት" አለች። ጎረቤቴ እጇን አስለቅቃ ልትጭር ስትል ቀፎውን ነጠቅኳትና ከጉልበቴ ሥር አደረግኩት።

አምስት ደቂቃ ካለፈ ምንም ሳልጠብቅ ሐኪም ቤት እንዳደርሳት ሐኪሟ ነግሮኛል። ስለዚህ ዓይኔን ከሰዓቱ አላነሣሁም። ውስጤ የነበረውን አልጽፍም። እጄ ትከሻዋ ላይ ነበር፣ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ጩኸቱ እያነሰ ሄደ፤ ሰው የሚያደርገው ሲያጣ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ የልጄ ጫማ የወንበሩን እግር ሲመታ ይሰማ ነበር። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ። ከዚያ ዘግየት እያለ። ከዚያ ቆይቶ አንድ ጊዜ። ከዚያ ቆመ። ልጄ በረጅሙ ተነፈሰች።

ማንም "አያችሁ" አላለም። እኔም አላልኩም።

ጎረቤቴ ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች። "ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለማን ብዬ ነው ተሸክሜው የዞርኩት?" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው። ቀፎውን መለስኩላት። ተቀብላኝ ስብሰባውን ሳትዘጋ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ቧንቧው ጋ ስንገናኝ "እንደምን ዋልሽ" ትለኛለች፣ መልሴን ግን ቆማ አትጠብቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ካዛንቺስ ሄድኩ። ሰፈሩ ብዙው ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል፤ ወደ ሥራ ስሄድ የምገባባቸው ጠባብ መንገዶች ዛሬ የሉም፣ አንድ ሁለቴ ቆሜ አቅጣጫ ጠየቅኩ። ትምህርት ቤቱ በቦታው አለ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከኋላ ረድፍ ላይ ጎረቤቴን አየኋት፤ የልጅ ልጇ የልጄ ተማሪ ናት። ፊቷን አዞረች።

ዳይሬክተሩ በመጀመሪያ እኔን ጋበዘ። እናት ስለ ልጇ ጤና ብትለማመጥ ሁሉም ነገር ይቀልለት ነበር። ተነሣሁ።

"ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት" አልኩ። "ኪኒኗን ትወስዳለች። ወደፊትም ትወድቃለች። ሌላውን እሷ ትነግራችኋለች።" ተቀመጥኩ። ዳይሬክተሩ የምጨምረው እንዳለ ብሎ ጠበቀ። አልጨመርኩም።

ልጄ መስመሮቹን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበራች። "ይሄ የእኔ አንጎል ነው" አለች። ጥርስ ያወጡትን መስመሮች አሳየች፣ ሒሳቧ የሠራቸውን መስመሮች ከሥራቸው አሳየች፤ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ካርቶኑንና ሎሚዋን ይዛ መጥታ ነበር። የምትወድቀውም የምትነሣውም ለምን እንደሆነ እኔን እንዳስረዳችኝ አስረዳች።

አንድ ክራባት ያሰረ አባት እጁን አወጣ። "ይሄ ሒሳብ መቼ እንደሚወድቁ ይናገራል?"

"አይናገርም።"

"ታዲያ ምን ይጠቅማል?"

"አብዛኛውን ጊዜ በራሱ እንደሚያበቃ ይናገራል። ልጆቻችሁ ከእኔ ጋር መታገል የለባቸውም። ወንበር ይገፋሉ፣ በጎኔ ያስተኙኛል፣ ሰዓት ያያሉ፣ ይጠብቃሉ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ለቢሮ ይነግራሉ፣ አምቡላንስ ይጠራል። በቃ።"

"ልጄ ደንግጣ ስታለቅስ ነው የሰነበተችው" አለች አንዲት እናት።

"አዝናለሁ። ቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ አይደነግጡም ነበር። አትንገሪያቸው ተብዬ ነው።" ዳይሬክተሩ ፊቱ ያለውን ወረቀት አገላበጠ።

"ዋስትና ይስጡን" አለ ሌላ ሰው።

"የምሰጣችሁ ዋስትና እንደገና እንደምወድቅ ነው" አለች። "ከዚያ ደግሞ እነሣለሁ።"

አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ "ቤተ መጻሕፍቱ ምን አላት?" አለ። "እውነት ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱ" አለች አጠገቡ ያለችው። "ቤተ መጻሕፍት ይሻላል።" "ቤተ መጻሕፍት ትሁን።" ቃሉ ከወንበር ወደ ወንበር ተሻገረ፣ ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ይህንኑ ይል ጀመር። ዳይሬክተሩ ሊነሣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

"እምቢ!" የሚል ትልቅ ድምፅ ከኋላ መጣ። ዘወር ሳልል አወቅኩት።

"እኔ የዚች ልጅ ጎረቤት ነኝ" አለች ቆማ። "ከልጅነቷ ጀምሮ ክብሪት የምጭርላት እኔ ነኝ። ያቺ እናቷ ናት፣ ያቺ ዝምተኛዋ። ባለፈው በእድር ፊት ቀፎውን ከእጄ ነጥቃ ጉልበቷ ሥር ደበቀችው። አዋረደችኝ። ተቀይሜያታለሁ፣ አሁንም ተቀይሜያታለሁ። የምናገረው ለእሷ ብዬ እንዳይመስላችሁ።" ሰው ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። "ግን ልጅቷ ያለ እኔ ተነሣች። በዓይኔ አይቻለሁ። የልጅ ልጄ ሰነፍ ናት፣ በእናቷ የወጣች። ሒሳብ አልፋ የምታውቀው ከዚች ልጅ ጋር ብቻ ነው። ይቺ ቤተ መጻሕፍት ስትገባ ማን ሊያስተምራት ነው? አንተ ባለ ክራባቱ ታስተምራታለህ?"

ባለ ክራባቱ "ኧረ እኔ አልችልም፣ እማማ" አለ። ሳቁ እንደገና ተነሣ። ቤተ መጻሕፍት የሚለው ቃል ግን ከዚያ በኋላ በአንድነት አልተነሣም፤ ሁሉም የየራሱን ማውራት ጀመረ።

ውሳኔው ግማሽ ውሳኔ ነበር። ልጄ ክፍሏ ውስጥ ትቆይ፣ ልጁን ወደ ሌላ መምህር ማዛወር የፈለገ ያዛውር፣ ዓመቱ ሲያልቅ እንደገና ይታይ ተባለ። ጥቂቶች አዛወሩ። እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ። ባለ ክራባቱ አላዛወረም። ሰኞ ልጄ ሎሚዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደ ሰሌዳዋ ሄደች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ጎረቤቴ በሬ ላይ ቆመች።

"ግቢ" አልኳት።

"አልገባም። ተቀይሜሻለሁ አላልኩም?"

"ታዲያ ምን ልትይኝ መጣሽ?"

"ዛሬ ክፍል ውስጥ ወድቃ ነበር። ተቀመጪ፣ ተቀመጪ፣ ደህና ናት! የልጅ ልጄ ናት የነገረችኝ። ወንበሩን ገፉ፣ አንዷ ሰዓት ያዘች። ጥበቃው ክብሪት ይዞ ሲሮጥ በሩን ዘጉበት።"

"ዘጉበት?"

"ዘጉበት እንጂ! 'ጋሼ፣ ይጠብቁ' አሉት። ከዚያ ተነሣች፣ ውሃ ጠጣች፣ ቢሮ ትንሽ ጋደም አለች። ከምሳ በኋላ ተመልሳ መጥታ የቤት ሥራ ሰጠቻቸው።" ሳቋን ልትይዝ ሞክራ አቃታት። "ያቺ ሰነፍ ምን ትለኛለች? 'ትረሳዋለች ብለን ነበር' አትለኝም!"

እኔም ሳቅኩ። ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሣሁ። ምድጃዬ አልበራ አለ፤ መብራት ሄዶ ነበር።

"እስኪመጣ እንጠብቃለን" አልኳት።

"አሁንስ አበዛሽው" ብላ ገባች። ከጓዳ የከሰል ማንደጃዬን ራሷ አወጣች፤ የት እንዳለ ታውቃለች። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ቀፎውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

"ለሻይ ይፈቀዳል?"

"ለሻይ ይፈቀዳል።"

የመጀመሪያው እንጨት ተሰበረ። ሁለተኛው በራ። ሻያችንን ጠጣን፣ ስለ እድሩ ድንኳን አወራን። ስትሄድ ቀፎውን ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ረስታው ይሁን አውቃ አላውቅም። በሩ ድረስ ተከትዬ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።